አሳንሰር

ቫልፓራይሶ፣ ከተማው ገደል ላይ የተንጠለጠለ፣
አንዱ ቤት ባንዱ ትከሻ ተፈናጦ የዋለ፣
ዳገቱን በጉልበት የሚወጣ የለ፤
ገመድ የሚስበው የእንጨት ሳጥን አለ፣
ዓሣ ሻጯን ከነቅርጫቷ፣ ልጁን ከነቦርሳው
ሽቅብ የሚያደርሰው።
አሳንሰር ይሉታል፣ እነሱም እንደኛው።

ኮረብታው አናት ካለው ሆስፒታል ግን፣ ሌሊት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ የወንዶች ክፍል ሲገቡበት፣
አሳንሰሩ ሴት ናት።
ኤዱቪሂስ ስሟ፣ ዓመቷ አርባ አንድ፣
አሥራ ስድስቱን ሰው ስታነሣ አንድ በአንድ፤
«አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!»
ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፣
መሽቶ እስኪነጋ።

አንድ ሌሊት ደመረች፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ፣
ሻይዋ እስኪበርድ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ፦
ሰባ አምስት ኪሎ፣ ሃያ አራት ጊዜ፤
ሁለት ቶን ሊሞላ ሁለት መቶ ጎደለ።
ሳቀች፤ ሳቋ ራሱ
ወገቧ ሥር እንደ ሚስማር ተተከለ።

ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፦
«ጉልበትሽን ዕጠፊ፣ ጀርባሽን አቅኚ።»
ያስተማረቻት ሮሳልባ ዐጠፈች፣ አቀናች፤
ዛሬ የገዛ ጫማዋን ጎንበስ ብላ አታስርም።
ሥዕሉ ላይ ያለችው የምታነሣው ሳጥን ነው፤
ሳጥን አይፈራም፣
ሳጥን በእንቅልፍ ልቡ አይወራጭም፣
ወደቅሁ ብሎ አንገት አንቆ አይንጠለጠልም።

ማሽኑማ አለ፤ ማን የለም አለ?
ዕቃ ቤት፣ ከገና ዛፉ ጀርባ፣ ላስቲኩን ሳያወልቅ፣
ቁልፉ ኃላፊው ኪስ፣ እሱ እንዳይበላሽ፣ እሱ እንዳይወድቅ።
ለወገብ ግን እስከዛሬ ቁልፍ አልተሠራ።

አሥራ አንድ ቁጥር፣ ዶን ዌንሴስላኦ፣ የወደብ ጫኝ የነበረ፣
ዘጠና ስድስት ኪሎ፣ እግሩ ከድቶት የቀረ።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤
ዘጠና ስድስት ኪሎ ግን ለሁለት ሴትም ጌጥ አይሆንም።
«አንገቴን ያዝ» ስትለው የአልጋውን ብረት ያዘ።
«ማሽኑ ካልመጣ አልነሣም» አለ።

«ጆንያው ሰማንያ ኪሎ ስኳር ነበር።
አባቴ ተሸከመ፤ በአርባ ስምንቱ ጎበጠ፤
መሬት መሬቱን እያየ መሬት ገባ።
እኔም ተሸከምኩ።
አንድ ጠዋት ግን ሁላችን ጆንያውን አወረድንና
ቁጭ አልንበት። አሥራ ዘጠኝ ቀን።
በሃያኛው ክሬን መጣ።
ድሮም ነበረ እኮ! መጋዘን ውስጥ፣ ሸራ ለብሶ።»

ዘጠኝ ቁጥር ሰማ። አሥራ ሁለትም ሰማ፤
«እኔም አልነሣም» አለ፣ ጥርሱን እንዳወለቀ።
ከቶ እንዲህ ያለ አድማ ማን ዐወቀ፣
ተኝቶ የሚመታ?

ኤዱቪሂስ ተቆጣች፦ «ጀርባህ ቁስል ያወጣል፣ አንተ ሽማግሌ!
ሲቆስል የምጠየቀው ማን ነው? እኔ!»
ግን ጓደኛዋን ጠራች፤
አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው
አንሸራተው አገላበጡት እንጂ አላነሡትም።

ጠዋት ኃላፊው መጣ፣ ከነቁልፉ፣ ፊቱን አኮምጭጮ።
ባትሪው ሞቶ ነበር፤ እስከ ቀትር ተጠበቀ።
ከዚያ ሽማግሌው፣ በጨርቅ ታቅፎ፣
ካልጋው ላይ ቀስ እያለ ሲለቅቅ፣ ሲርቅ፣
«ቪራ!» ብሎ ጮኸ፣
ወደብ ላይ ክሬኑን «ሳብ» የሚሉበትን ቃል፤
በመስኮቱም፣ ከትራስ የማይታየውን፣
ባሕሩን አየ። ዝም አለ።

ኤዱቪሂስ ባውራ ጣቷ አንድ ቁልፍ ተጫነች።
ሥራው ይኸው ነበር።
የቀሩት ዘጠኝ ጣቶች የሚገቡበት ጠፋቸው።

ማሽኑ አንድ ነው፤ ክፍሉ አራት።
ወገብም ያበደረውን አይረሳም።
ከሥራ ስትወጣ በእንጨቱ ሳጥን ቁልቁል ወረደች፣
ቆማ፣ መቀመጥ ስለሚያማት።
ገመዱ ቀስ አድርጎ ሲያወርዳት፣
ከዓሣ ሻጯ ባዶ ቅርጫት አጠገብ፣
ማንም «ሆ!» ሳይል፣
እሷ ራሷ ስንት ኪሎ እንደሆነች
ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበች።